የጃፓን ሕገ መንግሥት 9ኛው አንቀጽና የጐረቤት አንባቢዎቹ

የአንድ አገር ሕግ የሚጻፈው ለአገሩ ሰው ነው ይባላል። ስለ ጦር ሠራዊት የተጻፈ ሕግ ግን ከድንበር ማዶም አንባቢ አለው። ይህ አንባቢ ሕጉ ሲወጣ አልተጠየቀም፤ ሕጉ የተጻፈበትንም ቋንቋ ብዙ ጊዜ አያውቅም፤ ይሁን እንጂ ጐረቤቱ ስለ ጦሩ የሚናገረውን ቃል ሁሉ አንድ ባንድ የሚመዝነው ከባለቤቱ ይልቅ እርሱ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው የጃፓንን ሕገ መንግሥት 9ኛ አንቀጽ፣ ይልቁንም የጃፓን መንግሥት በ2014 የሰጠውን አዲስ ትርጓሜ፣ የጃፓን ሕዝብና ጐረቤቶቹ ኮርያውያንና ቻይናውያን እንዴት እንዳነበቡት ነው። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

ይህ ነገር ለኢትዮጵያዊ ተማሪ ምኑ ነው የሚል ባልንጀራ አይጠፋም። በ1931 የወጣውን የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥታችንን በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሲያረቅቁት በ1889 የወጣውን የጃፓንን የሜይጂ ሕገ መንግሥት አብነት እንዳደረጉ የታወቀ ነው። በዚያን ዘመን ጃፓንን እንምሰል የሚሉ የተማሩ ሰዎች ብዙ ነበሩ። እንግዲህ እኛ አብነት ያደረግነው ሕገ መንግሥት በባለቤቱ አገር ተሽሮ በስፍራው የተተካው፣ ይህ 9ኛው አንቀጽ ያለበት ሕገ መንግሥት ነው። በሌላም በኩል ከ1951 ጀምሮ የቃኘው ሻለቃ ጦር ከተባበሩት መንግሥታት ጦር ጋር በኮርያ ተዋግቷል። ስለ ፑሳን ወደብና ስለ ኮርያ ብርድ የሚያወጉ ሽማግሎችን ያላየ የአዲስ አበባ ልጅ ጥቂት ነው። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን ግን የታሪክ መምህራችን ጃፓንን የሚያነሡት በ1905 ሩሲያን ድል ስለማድረጓ ብቻ ነበር። 9ኛውን አንቀጽ የሰማነው በመጽሐፍ ቅዱስ ክፍል፣ ስለ ኢሳይያስ ማረሻ ስንማር ነው፤ መምህሩ የነቢዩን ቃል በሕግ የጻፈች አገር አለች ብለው ሲነግሩን እጅግ ደነቀን። ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ስንነሣም ሐሳባችን ያንኑ የልጅነት አድናቆት ይዘን ትርጓሜውን የለወጡትን ሰዎች ለመውቀስ ነበር። ወቀሳው አልቀረም፤ ነገር ግን ነገሩን እየመረመርን በሄድን መጠን ወዳላሰብነው ወገንም ተዘረጋ።

አንቀጹ አጭር ነው። በመጀመሪያው ክፍል የጃፓን ሕዝብ ጦርነትን፣ በጦር ኀይል ማስፈራራትንና በኀይል መጠቀምን፣ በመንግሥታት መካከል የሚነሣውን ጠብ መጨረሻ መንገድ አድርጎ ላይጠቀምበት ለዘለዓለም እንደ ተወ ይናገራል። በሁለተኛው ክፍል የምድር፣ የባሕርና የአየር ጦር እንደማይቋቋም፣ የመንግሥት የጦርነት መብትም እንደማይታወቅ ይደነግጋል። በ1946 ረቂቁ በሸንጎ ሲመረመር ሂቶሺ አሺዳ የተባሉት እንደራሴ በሁለተኛው ክፍል መነሻ ላይ፣ ከዚህ በላይ የተነገረውን ዓላማ ለመፈጸም የሚል ሐረግ አስገቡ። ለራስ መከላከያ የሚሆን ጦር አልተከለከለም የሚሉ ብዙ ጸሐፊዎች በዚያች ሐረግ ላይ ተንጠልጥለዋል። ሕገ መንግሥቱ በግንቦት 1947 በሥራ ላይ ዋለ። በሰኔ 1950 የኮርያ ጦርነት ሲነሣ ጄኔራል ማካርተር 75,000 ሰው ያለበት የፖሊስ ተጠባባቂ ጦር እንዲቋቋም አዘዙ፤ ይኸው ጦር ስሙን እየለወጠ በ1954 የራስ መከላከያ ኀይል ተባለ። ከዚህም የሚብሰው በጥቅምት 1950 የሆነው ነው። የጃፓን መርከበኞች በአሜሪካኖች ጥያቄ ወደ ኮርያ ተልከው በዎንሳን ወደብ የተጠመደውን የባሕር ፈንጂ ሲለቅሙ አንዲቱ መርከብ ሰጠመች፤ አንድ ሰውም ሞተ። ይህ ነገር ከጃፓን ሕዝብ ለብዙ ዘመን ተሰውሮ ኖረ። ሕገ መንግሥቱ ሦስት ዓመት ተመንፈቅ እንኳ ሳይሞላው ጃፓናዊ ከጦርነት ባሕር ገብቶ ሞተ፤ ሕዝቡ ግን አንቀጹን እንዳልተነካ አድርጎ ያነበው ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። የጠቅላይ ሚኒስትር ሺንዞ አቤ ካቢኔ በሐምሌ 1 ቀን 2014 ባወጣው ውሳኔ፣ ጃፓን ራስዋ ባትወጋም ከእርስዋ ጋር የቅርብ ግንኙነት ያላት አገር ብትወጋና በዚህም የጃፓን ህልውና አደጋ ላይ ቢወድቅ፣ ሌላም መንገድ ባይገኝ፣ ከሚያስፈልገው መጠን ባላለፈ ኀይል ልትዋጋ ትችላለች ተባለ። ይህ በሕግ ሊቃውንት ቋንቋ የጋራ መከላከል መብት የሚባለው ነው። የጃፓን መንግሥት በ1972 ለሸንጎው ባቀረበው የጽሑፍ መግለጫ፣ ይህ መብት በዓለም ሕግ ቢኖረንም ሕገ መንግሥታችን በሥራ እንዳናውለው ይከለክለናል ብሎ ነበር። የ2014ቱን ውሳኔ የምንነቅፈው ሐሳቡን ስለለወጠ ብቻ አይደለም። መንግሥት ሐሳቡን ሊለውጥ ይችላል። የምንነቅፈው የ1972ቱን መግለጫ መነሻ ቃል በቃል ተቀብሎ መደምደሚያውን ስለገለበጠ ነው።

በአገራችን የመጻሕፍት ትርጓሜ መምህሩ አንድም ይህ ነው፣ አንድም ያ ነው እያለ ምስጢሩን ያሰፋል። ይሁን እንጂ ንባቡ ይቻላል ያለውን አይቻልም፣ አይቻልም ያለውን ይቻላል የሚል አንድም የሰማ ሰው ያለ አይመስለንም። የአቤ ካቢኔ ያደረገው ይህንኑ ነው። የዓለም ሁኔታ ተለውጧል የሚለው ምክንያታቸው ሐሰት አይደለም፤ ሰሜን ኮርያ በ1998 የተኰሰችው ሮኬት በጃፓን ላይ አልፎ ከባሕር ወድቋል። የዓለም ሁኔታ ከተለወጠ ግን የሚለወጠው ሕጉ ነው እንጂ ንባቡ አይደለም። ለዚህም ሕገ መንግሥቱ በ96ኛው አንቀጽ መንገድ አበጅቷል፤ ከሁለቱ ምክር ቤቶች የእያንዳንዳቸው ሁለት ሦስተኛ እንደራሴ ከተስማማ በኋላ ነገሩ ለሕዝብ ድምፅ ይቀርባል። አቤ በ2013 ይህንኑ 96ኛውን አንቀጽ አስቀድሞ ለማቅለል አስበው ተቃውሞ ቢበዛባቸው ተዉት። በዚያው ዓመት በነሐሴ የካቢኔውን የሕግ መሥሪያ ቤት እንዲመሩ ከመሥሪያ ቤቱ ውጭ አንድ ዲፕሎማት ሾሙ። በዋናው በር መግባት ቢቸግር በጓሮ መግባት ማለት እንግዲህ ይህ ነው።

ሕዝቡ ምን አለ? እዚህ ላይ የሕዝብ አስተያየት የሚባለውን ነገር ረጋ ብለን እንድንመረምረው ያስፈልጋል፤ ሁለቱም ወገን ሕዝቡ ከእኛ ጋር ነው ይል ነበርና። በግንቦት 2014 ዮሚዩሪ የተባለው ጋዜጣ ሕዝቡን ጠይቆ 71 ከመቶው የጋራ መከላከልን ደገፈ ብሎ ጻፈ። በዚያው ወር አሳሂ የተባለው ጋዜጣ ጠይቆ 55 ከመቶው ተቃወመ፣ የደገፈው 29 ከመቶ ብቻ ነው አለ። በአንድ ወር ውስጥ አንድ ሕዝብ እንዲህ ሁለት ልብ የሆነበት ምስጢር ከጥያቄው ነው። አሳሂ ትደግፋለህ ወይስ ትቃወማለህ ብሎ ሲጠይቅ ዮሚዩሪ ሦስት ምርጫ አቀረበ፤ ሙሉ በሙሉ ይፈቀድ፣ ከሚያስፈልገው መጠን ሳያልፍ ይፈቀድ፣ አያስፈልግም የሚል። መካከለኛውን የመረጠው 63 ከመቶ ነበር፤ ጋዜጣው ይህን ሙሉ በሙሉ ይፈቀድ ካለው 8 ከመቶ ጋር ደምሮ ደጋፊ አለው። ጨው በልኩ ይግባ ያለውን ሰው ጨው ወዳድ ነው እንደ ማለት ነው። አሳሂም ከነቀፋ አያመልጥም፤ የሚያመነታውን ሰው ከሁለት አንዱን እንዲመርጥ አስገድዶታልና። የእኛ ፍርድ ይህ ነው፤ ብዙው ጃፓናዊ ይፈራ ነበር፤ የሚፈራውም ሁለት ነገር ነው፤ ብቻውን መቅረትን ይፈራል፤ በሰው ጦርነት መግባትንም ይፈራል። እንዲህ ያለውን ልብ አንድ ቍጥር አይገልጠውም።

አደባባዩ ግን ከቍጥሩ ይልቅ ግልጥ ነበር። በሰኔ 4 ቀን 2015 ሦስት የሕገ መንግሥት መምህራን በሕግ መምሪያው ምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ቀርበው፣ ውሳኔውን በሥራ ለማዋል የቀረበው ሕግ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ሲሉ ሦስቱም ባንድ ቃል መሰከሩ። ከሦስቱ አንዱን የጠራው ራሱ የመንግሥቱ ፓርቲ ነበር። በነሐሴ 30 በሸንጎው ፊት ከተሰበሰበው ሕዝብ አዘጋጆቹ 120,000 ሲቈጥሩ ፖሊስ ከ30,000 ብዙ ያልራቀ ቈጥሯል። ከሰልፈኞቹም መካከል እንደኛ ያሉ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። በ1960 የኖቡሱኬ ኪሺ መንግሥት ከአሜሪካ ጋር የነበረውን የመከላከያ ውል ሲያድስ የተነሣው የተማሪ ሰልፍ የፕሬዚዳንት አይዘንሐወርን ጉብኝት አሰርዟል፤ ኪሺንም ከሥልጣን አስለቅቋል፤ አንዲት የቶክዮ ዩኒቨርሲቲ ተማሪም በሸንጎው ግቢ ሞታለች። ውሉ ግን ጸደቀ። ኪሺ የአቤ እናት አባት መሆናቸውን ስናስብ የታሪክ ነገር ይደንቀናል። የ2015ቱም ሕግ እንዲሁ በመስከረም 19 ቀን በሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ጸደቀ።

ይህን ሁሉ ጐረቤት እንዴት አነበበው? ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረን የደቡብ ኮርያ ነገር ነው፤ ኮርያ ከ1910 እስከ 1945 በጃፓን ቅኝ ግዛት የኖረች፣ ዛሬም እንደ ጃፓን የአሜሪካ ወዳጅ የሆነች አገር ናትና። የ2014ቱ ውሳኔ ከጃፓን ጋር የቅርብ ግንኙነት ያላት አገር ሲል የአገሪቱን ስም አልጠራም። በቶክዮ ይህ የሕግ ጥንቃቄ ነው። በሴኡል ግን ያ ሐረግ የሚነበበው፣ የጃፓን ወታደር ዳግመኛ በኮርያ ምድር ሊረግጥ ነውን ተብሎ ነው። የኮርያ መንግሥትም ወዲያው፣ የኮርያን ምድር የሚመለከት ማናቸውም ነገር እኛ ካልጠየቅን ወይም ካልፈቀድን አይደረግም ሲል አስታወቀ። በጥቅምት 2015 የጃፓን መከላከያ ሚኒስትር ጌን ናካታኒ ወደ ሴኡል ሄደው ከኮርያው ባልደረባቸው ጋር ሲነጋገሩ፣ የደቡብ ኮርያ ሥልጣን የሚደርሰው ከተኵስ ማቆሚያው መሥመር በስተ ደቡብ እስካለው ድረስ ነው የሚል ቃል ተናገሩ። ይህን ቃል ፈረንጅ ቢያነበው እውነት ነው ይላል። የኮርያ ሕገ መንግሥት ግን በ3ኛው አንቀጽ የአገሩ ግዛት መላው ምድረ ኮርያና ደሴቶቹ ናቸው ይላል። እንግዲህ ጃፓን ወደ ሰሜን ኮርያ ጦር ብትልክ ሴኡልን ታስፈቅዳለችን? የቶክዮ መልስ አያስፈልግም ወደሚለው ያዘነብላል፤ የሴኡል መልስ ያለ ፈቃዳችን አይሆንም ነው። የሁለት አገር ሕገ መንግሥት አንቀጾች፣ 9ኛውና 3ኛው፣ እንዲህ ፊት ለፊት ቆሙ። በሰፈራችን ያሉ አንድ የኮርያ ዘማች ሽማግሌ ይህን ብናጫውታቸው ዝም ብለው ቆዩና፣ ‹‹እኛም እኮ ስንሄድ የገባነው ተለምነን ነው›› አሉን። ዓረፍተ ነገሩ አጭር ቢሆንም የኮርያ መንግሥት በብዙ መግለጫ ያለውን ይዟል።

ነገር ግን የኮርያ መንግሥትም ከሕዝቡ ጋር የነበረው ሁኔታ ንጹሕ አልነበረም። በ2012 የፕሬዚዳንት ሊ ምዮንግ ባክ መንግሥት ከጃፓን ጋር ወታደራዊ ምስጢር ለመለዋወጥ ውል አዘጋጀ። ውሉ በሰሜን ኮርያ ምክንያት የሚጠቅም እንደ ነበር ብዙ የጦር አዋቂዎች ይመሰክራሉ። ጉዳዩ ግን ለሕዝብ ሳይነገር በካቢኔው በኩል በስውር አለፈ። ነገሩ በታወቀ ጊዜ ቍጣው ያን ያህል ስለ በረታ በሰኔ 29 ቀን ሊፈረም አንድ ሰዓት እንኳ ሳይቀረው ፊርማው ቆመ። ጃፓናውያን ጠረጴዛውን አሰናድተው ብዕሩን ይዘው ቀሩ ማለት ይቻላል። ውሉ የተፈረመው ከአራት ዓመት በኋላ በኅዳር 2016 ነው። በ2019 ደግሞ ኮርያውያን በቅኝ ግዛት ዘመን በግዴታ ሥራ ስለ ሠሩት ሰዎች በተነሣ ክርክርና ጃፓን በሦስት የፋብሪካ ቅመሞች ንግድ ላይ ባደረገችው ማጥበቅ ምክንያት፣ ሴኡል ይህንኑ ውል አፈርሳለሁ አለች፤ ሊፈርስ ሰዓታት ሲቀሩትም ማፍረሱን አቆየች። በ2023 ተመልሶ ጸና። የኮርያ ሕዝብ ውሉን ለምን ጠላው ብለን ስንጠይቅ በውሉ ውስጥ ያለውን ነገር ጠልቶ አይመስለንም። በስውር መደረጉ አስቈጣው። ቶክዮ ሕዝቡን ሳይጠይቅ አንቀጹን ተረጐመ፤ ሴኡል ሕዝቡን ሳይነግር ውል ሊፈርም ሞከረ። ሁለቱም በኋላ የሕዝብ ቍጣ ዲፕሎማሲውን አበላሸብን እያሉ ያማርራሉ። ይህ ምሬት ተቀባይነት የለውም እንላለን፤ በሩን የዘጋ ሰው በመስኮት ጮኹብኝ ብሎ ሊከስ አይገባውም።

ሌላም የታዘብነው ነገር አለ። የጐረቤት ሕዝብ ሕግን አያነብም፤ የሚያነበው ምልክትን ነው። በጥቅምት 2018 በጄጁ ደሴት በተደረገው የመርከቦች ትርዒት ኮርያ ጃፓንን የፀሐይ ጨረር ያለበትን የባሕር ኀይል ባንዲራችሁን አትስቀሉ ብትላት ጃፓን መርከብዋን አስቀረች። ባንዲራው በጃፓን ሕግ የመርከብ መታወቂያ ነው፤ ለኮርያዊ ግን የወራሪው ምልክት ነው። የያሱኩኒም መቅደስ እንዲሁ ነው። በ1978 አሥራ አራት ዋና የጦር ወንጀለኞች ከሌሎቹ የጦር ሙታን ጋር በዚያ ተቈጠሩ። ጠቅላይ ሚኒስትር ናካሶኔ በነሐሴ 15 ቀን 1985 በይፋ ቢሄዱ የቻይና ተማሪዎች ሰልፍ ወጡ፤ በተከታዩ ዓመት ናካሶኔ ቀሩ። አቤ ደግሞ በታኅሣሥ 26 ቀን 2013፣ ማለትም ትርጓሜውን ከመለወጣቸው ስድስት ወር አስቀድሞ፣ ሄዱ፤ አሜሪካ እንኳ አዝኛለሁ አለች። የ2014ቱን ውሳኔ ሦስት ጥንቁቅ ቅድመ ሁኔታዎች የጻፉት የሕግ ሰዎች ድካማቸው በዚያች አንዲት ጉብኝት ከንቱ ሆነባቸው። ጐረቤት መቅደሱን አስቀድሞ አይቶ አንቀጹን በዚያ መነጽር አነበበ።

እስካሁን ያልነው ሁሉ ወቀሳውን በቶክዮ ላይ የሚያከብድ ይመስላል። ይሁን እንጂ የቻይናን ነገር ስንመረምር ሚዛኑ ሌላ ይሆናል። በ2013 በሁለቱ አገሮች በተደረገው የጋራ ጥናት ከአሥሩ ጃፓናዊ ዘጠኙ ስለ ቻይና፣ ከአሥሩ ቻይናዊም ዘጠኙ ስለ ጃፓን መልካም ሐሳብ እንደሌለው ተገልጿል። በቁጥር እኩል ናቸው፤ በአኗኗር ግን አይደሉም። ጃፓናዊው በመንግሥቱ የጦር ሐሳብ ላይ በአደባባይ ሊሰለፍ ይችላል፤ በ2015 ሲሰለፍ አይተናል። በመስከረም 2012 ጃፓን የሴንካኩን ደሴቶች ከባለቤቱ ገዝታ የመንግሥት ባደረገች ጊዜ በቻይና ከተሞች የፈሰሰው ሰልፍ ግን ፖሊስ እያየ ወጥቶ ፖሊስ በቃ ሲል ገባ። የቻይና መከላከያ በጀት በየዓመቱ ሲያድግ በፔኪንግ አደባባይ የተቃወመ ሰልፍ አልሰማንም። ስለዚህ የቻይና መንግሥት የሕዝባችን ስሜት ተነካ ሲል፣ ስሜቱ እውነት ቢሆንም፣ የጠባቂው እጅ እንዳለበት መርሳት አይገባም። በኮርያ ሕዝቡ መንግሥቱን ጎትቶ ከፊርማው አስቀርቷል፤ በቻይና መንግሥቱ ሕዝቡን ይለቃል፣ ይሰበስባል። የሕዝብ አስተያየት የሚል አንድ ስም ለሁለቱ መስጠት ከብዙ ጸሐፊዎች ዘንድ የምናየው ስሕተት ነው፤ እኛም በመጀመሪያው ረቂቃችን ሠርተነው ነበር።

በታኅሣሥ 16 ቀን 2022 የጃፓን መንግሥት ሦስት አዳዲስ የመከላከያ ሰነዶች አወጣ። ጠላት ሊመታኝ ሲነሣ ከሥፍራው ድረስ መልሼ እመታለሁ የሚል ሐሳብ ገባባቸው፤ በአምስት ዓመት ውስጥ 43 ትሪሊዮን የን ለመከላከያ እንዲወጣ፣ ወጪውም ከጠቅላላው የአገር ምርት ወደ 2 ከመቶ እንዲደርስ ታሰበ። በ1976 የተወሰነው ልክ 1 ከመቶ እንደ ነበር እናስታውስ። ሴኡል በኮርያ ምድር ላይ የሚሆን ነገር ቢኖር አስቀድሞ ከእኛ ጋር ምክርና ስምምነት ያስፈልጋል አለች፤ ከቶክዮ ወገን ውሳኔው የጃፓን የራስዋ ነው የሚል ድምፅ ተሰማ። የናካታኒ ጥያቄ ከሰባት ዓመት በኋላ እንደ ቆመ ነበር።

ህልውናን አደጋ ላይ የሚጥል ሁኔታ የሚለው የ2014ቱ ሐረግም ተመልሶ መጣ። በኅዳር 7 ቀን 2025 በሕግ መምሪያው ምክር ቤት የበጀት ኮሚቴ፣ ካትሱያ ኦካዳ የተባሉት የተቃዋሚው ወገን እንደራሴ ይህ ሐረግ ለታይዋን ነገር ይሆናልን ብለው ጠየቁ። ጠቅላይ ሚኒስትር ሳናዬ ታካይቺም፣ ቻይና በጦር መርከብና በኀይል ከተነሣች ሊሆን ይችላል ሲሉ መለሱ። በሳምንቱ ፔኪንግ ዜጎችዋ ወደ ጃፓን እንዳይሄዱ መከረች፤ የጃፓን ዓሣም ከቻይና ገበያ እንደገና ተከለከለ። ከእነማን ጋር ሆነን ስለ ማን እንዋጋ የሚለው ጥያቄ በ96ኛው አንቀጽ መንገድ ለሕዝቡ ሊቀርብ ይገባው ነበር። ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ አንድ እንደራሴ በበጀት ክርክር መካከል አቀረበው፤ መልሱንም ከጃፓን ሕዝብ ጋር እኩል ጐረቤቱ ሰማው።